ያልተደረሰ ለቅሶ

ለተማርያምን የማያውቅ የሐረር ሰው ካለ፣ ወይ ታሞ አያውቅም፣ ወይ የታመመ ዘመድ የለውም። ከከተማው ግንብ ውጪ ባለው ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርታለች። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ጤና ረዳት ነኝ» እያለች ታርም ነበር፤ ኋላ ሰለቻትና ተወችው። ነጭ የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ነጭ የለበሰ ወንድ ከሆነ ደግሞ ዘበኛውም ቢሆን ዶክተር ነው።

ቤቷ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ ነው፤ ቅድመ አያቷ ከሸዋ መጥተው ከሰፈሩበት ግቢ የተረፈች ሁለት ክፍል ቤት። እናቷ በሰፈሩ የሚታወቁት በመርዶ ነበር። የአንድ ሰው ልጅ ሩቅ አገር ሞቶ ወሬው ሲደርስ፣ ለቤተሰቡ ማን ይንገር ተብሎ ሲጨነቁ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መርዶ ያውቁበታል። ማን አስቀድሞ መጠራት እንዳለበት፣ ልቧ ደካማ የሆነችውን እህት ማን እንደሚይዛት፣ ሁሉን አሰናድተው ማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያች ማለዳ ድረስ ግን ከሟች እናት ጋር ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲመርጡ፣ ሲጫወቱ ይውላሉ። «መርዶ ሰዓት አለው» ይሏት ነበር ልጃቸውን። «ሰዓቱ እስኪደርስ ፊትሽ ላይ ምንም እንዳይነበብ።» ለተማርያም ከእናቷ የወረሰችው ይህንን ነው፤ ሆዷ እያለቀሰ መሳቅን። ሆስፒታል ስትቀጠር ማንም ይህን ተዪው አላላትም። እንዲያውም ሁሉም እንደሷ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ እሷ በምትሠራበት ክፍል ሁለት የኩላሊት ሕመምተኛ ልጆች ተኙ። አንደኛው ሙሳ የፈላና በር ልጅ ነው፤ አባቱ አቶ ሳኒ በሩ አጠገብ ክብሪትና ሳሙና የሚቸረችሩባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ነበር። ሁለተኛው ከድር ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ የመጣውም ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ፣ ከተማው አልቆ እርሻው ከሚጀምርበት ነው። አባቱ ሞተዋል። እናቱ ዘምዘም ጫትና ድንች እያወረደች ሸዋ በር ገበያ ትሸጣለች።

የኩላሊት በሽታ ሰውን ከማሳመሙ በፊት ያዋርዳል። ፊት ያብጣል፣ ዓይን ይደፈናል፣ እግር በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ጨው ክልክል ነው። ውሃ በልክ ነው፤ በቀን ሁለት ጣሳ፣ ከዚያ በላይ ከንፈር ማርጠቢያ እንኳ የለም። ሽንት በጠርሙስ ይለካል፣ ያውም ጠያቂ ቆሞ እያየ። ጢሙ ገና ሊያቆጠቁጥ ያለ ልጅ ይህን እንዴት ይችለዋል? ዶክተሩ የሚያስበው ስለ ኩላሊቱ ነው፤ ለእሱም ቢሆን መድኃኒቱ ዛሬ አለ ነገ የለም። ስለ ልጁ ሐሳብ፣ ስለ ሐፍረቱ፣ ስለ ፍርሃቱ የሚጠይቅ የለም። አእምሮ የሚታከመው ሰው ድንጋይ መወርወር ሲጀምር ብቻ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ማን ይጠይቅ! ጠያቂው ይመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «ውይ፣ እንዲህ አብጦ!» ይላል፣ ይሄዳል። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሰሞን ስለነበር ጎረቤቶቿ ዘምዘምን «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፣ ልጅሽን አይወስዱብሽም» ይሏት ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ለጠላትም አይመኙት።

ሙሳ ጋቢውን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ አላወርድም ብሎ ነበር። ብርሃን አስቸግሮት አይደለም፤ ሲመሻሽ መስተዋቱ ላይ ፊቱ ስለሚታየው ነው። ከድር ደግሞ ጠያቂ ሲመጣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የተኛ ይመስላል። ለተማርያም ይህን አየችና ማንንም ሳታስፈቅድ ሁለቱን አልጋዎች አጠጋጋቻቸው። «አንተ የሱን ውሃ ትጠብቃለህ፣ እሱ ያንተን ይጠብቃል። ከልኩ ያለፈ ቢጠጣ የምጠይቀው ጠባቂውን ነው» አለቻቸው። ከሻይ ቤት የለስላሳ ቆርኪ ለቅማ አመጣችላቸውና ካርቶን ላይ ዳማ ጀመሩ። ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጡ ማን ቀነሰ፣ ማን ጨመረ እያሉ ይተራረባሉ። ማታ ማታ ሙሳ ለከድር የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስረዳዋል።

የራሷ የሆነ አሠራር ነበራት። የቁስል ማሰሪያውን ጋዝ እያጠፈች የምታዘጋጀው በሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መሆን ሲገባው፣ ቅርጫቱን ይዛ ትመጣና ከልጆቹ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ለነሱም እጥፉ ብላ ትሰጣቸዋለች። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ጋዝ እያጠፉ፣ ልጆቹ ለእናታቸው የማይነግሩትን ይነግሯታል። ሙሳ አንድ ቀን የሚወዳት ልጅ ልትጠይቀው መጥታ ፊቱን ስታይ መደንገጧን ነገራት። ከድር ደግሞ ሲተኛ ሳይነቃ እንዳይቀር እንደሚፈራ ነገራት። እሷም «አይዞህ» ለማለት አትቸኩልም ነበር። እስኪጨርስ ትሰማዋለች። አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቋት ፈጥና ትዋሻለች፦ «እንድናለን ወይ?» ሲሏት።

ጥቅምት ላይ ዶክተሩ ዘምዘምን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ነግሯት ነበር፤ በኦሮምኛ ያስተረጎመችላት ለተማርያም ናት። የልጁ ኩላሊት አልቋል። ደም የሚያጥብ መሣሪያ እዚህ የለም። ማቆየት እንጂ ማዳን አይቻልም። ዘምዘም ሰማች፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ገባች። «ለአረፋ ቤትህ ነህ ብሎኛል!» አለችው ልጇን እየሳቀች። ስለ ላሟ መርገጥ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል ስትቀልድ ዋለች። ለተማርያም እናቷን ያየች መሰላትና ሴትዮዋን አከበረቻት።

ሙሳ የሞተው መጋቢት ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከድር ራጅ ሊነሣ ወርዶ ነበር። ሲመለስ የሙሳን አልጋ በንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ አገኘው።

«ሙሳስ?»

«አዲስ አበባ ተላከ» አለች ለተማርያም ካርድ እያገላበጠች። «ድሬዳዋ ወስደው ባውሮፕላን።»

«ሳይሰናበተኝ?»

«አውሮፕላን ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

ከድር ሳቀ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ ሰሙ፤ ሬሳው ሲወጣ ያዩ ናቸው፤ ሁሉም «አዎ፣ አዲስ አበባ ሄደ» አሉ። ማንም እንዲህ በሉ አላላቸውም። የዚህ አገር ሰው ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም።

ውሸቱ መድኃኒት ሆነ። ከድር እሱም ተራው ደርሶ እንደሚላክ አመነ። ክኒኑን ሳይጠሩት ይውጣል፣ ጨው የሌለውን ቂጣ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል፣ ውሃውን ከልኩ ሩብ ጣሳ ያስተርፋል። ለሙሳ የሚነግረው እንዳይጠፋው በደብተር ይጽፋል። ለተማርያም ማታ ቤቷ ስትገባ ልቧ ይወጋታል፤ ግን ጠዋት የሚዛኑን ቁጥር ስታይ ትጽናናለች። ደግ አደረግሁ ትላለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው በከንቱ አይደለም። በአርባኛው ቀን አቶ ሳኒ ዘንቢል ተሸክመው «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ገቡ። ልጃቸው ከነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ቀን ውሎ አድሯልና፣ ከሰደቃው ድርሻቸው ይድረሳቸው ብለው ነው። በየአልጋው እየዞሩ ዳቦና ተምር አደሉ። ከድር ጋ ሲደርሱ ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ ሙሉ ዳቦ አወጡ፣ ጎንበስ ብለውም ራሱን ሳሙት።

«ያንተን ነገር ሳያነሣ አይውልም ነበር። የወንድምህ ያርባ ቀኑ ነው፤ ዱዓ አድርግለት» አሉት።

ለተማርያም ቴርሞሜትር በትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ልትጮኽ አሰበች፤ ምን ብላ? አቶ ሳኒ በምን ያውቃሉ? ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ሐረር በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ከድር ብቻ ነበር።

ከድር ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «አላህ ይቀበልዎ» አለ። አቶ ሳኒ ከወጡ በኋላ ጨው ያለበትን ዳቦ ቀስ እያለ እስከ ፍርፋሪው በላው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አራት ቀን አልተናገረም። ክኒኑን ይቀበልና ፍራሹ ሥር ይወሽቀዋል። የውሃ ልክ የሚባል ነገር ቀረ፤ ያገኘውን ይጠጣል። በአራት ቀን ሦስት ኪሎ ጨመረ፣ ዓይኖቹ ተደፈኑ፣ ሲተነፍስ ይሰማል። ዶክተሩ ካርዱን አይቶ «በዚህ ከቀጠለ ከሳምንት ብዙ አያልፍም» አለ። ለተማርያም ቅርጫቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ጋዝ ሰጠችው፤ እጁን አልዘረጋም። በአምስተኛው ቀን አልቻለችም።

«ከድር፣ ስደበኝ» አለችው። «ምንም በለኝ። ብቻ ዝም አትበል።»

ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

«ለቅሶ አስቀሩኝ።»

«ልጅ ነህ፣ ታመሃል ብዬ…»

«ሙሳ ሲቀበር እኔ ዳማ ደርድሬ ነበር። አርባ ቀን ስስቅ ነበር። እናቱ ከድር የት ቀረ አላሉም? እኔን ምን ይሉኛል?»

«ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ብታመምስ፣ ሲስተር? የታመመ ሰው ሰው አይደለም? ለቅሶ አይደርስም?»

ለተማርያም ተነሥታ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። በሐረር ሠርግ የቀረ ሰው ይቅር ይባላል። ለቅሶ የቀረ ሰው ግን እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ የዕድሜ ልክ ቂም ነው የሚተርፈው፤ ከሰው ቁጥር ይወጣል። እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ለቅሶ ያልደረሰቻትን የአክስቷን ልጅ እስከ ዛሬ አታነጋግርም። ይህን እያወቀች ልጁን ከሰው ቁጥር አወጣችው። ከፍርሃት የጠበቀችው መስሏት ነበር፤ የነጠቀችው ግን የራሱን ሐዘን ነው። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወጣች።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጽጌሬዳ፣ እውነተኛዋ ሲስተር ማለት ነው፣ ከድርን ለቅሶ ላድርሰው የሚለውን ጥያቄ ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። «ለሞተ ሰው ሊያለቅስ የሚሞት ልጅ ላስወጣ? ካርዱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ፈጽሞ አይሆንም።» እውነቷን ነው፤ ካርዱ ላይ እንዲህ ላለ ነገር መጻፊያ ቦታ የለም። ለተማርያም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ ለከድር የራሷን ሹራብ አልብሳ በጓሮው በር ይዛው ወጣች።

ከፈላና በር እስከ አቶ ሳኒ ቤት ለጤነኛ ሰው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። እነሱ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። በጠባቡ መንገድ ላይ ከድር አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ፊቱን ያዩታል። ልትከልለው ሻሿን ልታወልቅ ስትል «ይተዉት» አላት። ፊቱን አልሸፈነም።

የሙሳ እናት ወይዘሮ አሚና ጓዳ ነበሩ። ለቅሶው ካለቀ ሰንብቷል፤ ቤቱም ጸድቷል። ከድር በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚለውን አለ።

«አላህ ይርሐመው። አልሰማሁም ነበር።»

ለምን እንዳልሰማ አልተናገረም። ዞር ብሎም አላያትም። ለተማርያም ግን እዚያው ቆማ መዋሸት አቃታት።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት፣ ወይዘሮ አሚና። አዲስ አበባ ሄደ አልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ወይዘሮ አሚና አልተቆጡም። ከድርን አጠገባቸው አስቀምጠው ያበጠ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ልክ የልጃቸውን ፊት እንደያዙ። እሱም ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ጮኾ፣ ሙሳን በስሙ እየጠራ። እሳቸውም አዲስ ለቅሶ እንደመጣባቸው ሆነው አብረውት አለቀሱ። ጎረቤት ሰምታ ገባች፣ ነገሩን ሳትጠይቅ ተቀመጠች።

ሲበርድላቸው ወይዘሮ አሚና መናገር ጀመሩ፤ ለማን እንደሚናገሩ ባይታወቅም።

«እኔስ መች አልዋሸሁት? የመጨረሻ ሰሞን እጄን ይዞ ‹እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ› አለኝ። ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ። ‹ዝም በል፣ ለአረፋ ቤትህ ነህ› ብዬ አፉን ያዝሁ። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አላለኝም። ምን ሊለኝ እንደነበር ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አላውቅም፣ ከድር።»

ከድር ራሱን ቀና አድርጎ አያቸው።

ሲመለሱ ፈላና በር ጋ ከድር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገበያተኛው በአጠገባቸው ያልፋል።

«ሲስተር፣ እኔስ?» አላት።

እናቷ ያስተማሯት ሁሉ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«የሚያድንህ መድኃኒት የለም፣ ከድር። ክኒኑና ጨው መተውህ ያቆዩሃል። ስንት እንደሚያቆዩህ እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም።»

ቀና ብሎ አላያትም። በእግሩ ጣት አፈሩን ጫረ።

«እማ ታውቃለች?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«ከጥቅምት ጀምሮ ነው የምትስቀው» አለ።

ያን ቀን በመውጣታቸው ለተማርያም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከነማኅተሙ። አንብባ ኪሷ ከተተችው። ከድር በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖሯል፤ ግማሹን ቤቱ፣ ግማሹን አልጋ ላይ። አልዳነም፤ አይድንም ነበርና።

ዘምዘም በዚያው ሳምንት ዓርብ መጣች። ገና ከበሩ ጀምራ እየሳቀች ነው። ላሟ የጎረቤት ጎመን ገብታ የሆነውን እያወራች፣ ለብቻው ያለ ጨው የጋገረችለትን ቂጣ ከጨርቅ ፈታች። ከድር እጇን ያዘ።

«እማ፣ ተቀመጪ።»

«ቆይ እስኪ፣ ላሟን ሳልጨርስልህ…»

«ሙሳ ሞቷል። ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። የኔንም አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ምን ይላል ይሄ ልጅ! ለአረፋ እኮ ቤትህ…»

«ለአረፋ አትበዪኝ» አላት፤ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ አባት በለዘበ ድምፅ። «ብቻሽን መንገድ ላይ አታልቅሺ። እዚህ አልቅሺ፤ እኔም አለሁ።»

የዘምዘም ሳቅ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የት እንደምታደርገው ያጣች ይመስል ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ግንባሯን ከአልጋው ብረት ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከጥቅምት ጀምሮ ያጠራቀመችው ነበር። የሌላ ሕመምተኛ ጠያቂ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ብድግ ብለው መጡ፤ «አንቺ ሴት፣ በሽተኛ ፊት አይለቀስም! ተነሺ!» እያሉ። ለተማርያም መንገዱ ላይ ቆመች።

«ይተዉዋት፣ አባቴ» አለቻቸው። «እሱ ነው የጠራት።»

ሰውዬው እያጉረመረሙ ተመለሱ። ከድር የእናቱን ሻሽ በእጁ እየዳበሰ ቆየ። በመጨረሻ ዘምዘም ቀና አለች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ በነዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

«የት የት ነው የሚያምህ፣ ልጄ?»

እሱም ነገራት። የጠያቂ ሰዓት አልቆ ደወል ተደወለ፤ ከድር ገና ስለ እግሩ እያወራ ነበር።